ምራቁ ከመወሰዱ በፊት ሰዓቱ ይስተካከል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ቁስል የምታጥብ ነርስ ዙሪያው ቀልቶ፣ አብጦና ግሎ ስታገኘው «ቁስሉ ተቆጥቷል» ትላለች። በሕክምና መጻሕፍት ብግነት የሚባለው ይኸው ነው። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ባሕር ዳር ላይ በነርሲንግ ትምህርትና ምርምር የተሰማራን ባለሙያዎች ነን። ጉዳያችን በዓይን የማይታየው መቆጣት ነው፤ ሰው ለወራት ሲጨነቅ በሰውነቱ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚነሳውና እኛም ልንለካው የምንሞክረው።

በከተማችን ስለ ጭንቀት የሚሠሩ የነርሲንግ ጥናቶች አብዛኛውን ጊዜ በመጠይቅ ብቻ የሚያልቁ ናቸው። አሁን ግን ወጣት ተመራማሪዎች ምራቅ፣ የደም ጠብታና ጸጉር ጨምረው ስሜትን፣ የዕለት ኑሮንና የአካልን ምልክት አንድ ላይ ለመለካት እየተነሱ ነው። ደስ ብሎናል። ከታማሚው አጠገብ ሌት ተቀን የማይለየው ነርስ ስለሆነ ሥራውም የነርስ ነው። የሚያሳስበን ሌላ ነገር ነው። የውጭው መመሪያ እንዳለ ተገልብጦ በእኛ ሰዓት፣ በእኛ ጾም፣ በእኛ ቡናና በእኛ ወባ መሀል ከተሠራበት፣ ከማሽኑ የሚወጣው ቁጥር ያማረ ይመስላል እንጂ እውነት አይሆንም።

ሰው ሲጨነቅ ሁለት መንገዶች ይከፈታሉ። ፈጣኑ በሰከንዶች ውስጥ አድሬናሊን ይለቅቃል፤ ልብ ይመታል፣ መዳፍ ያልባል። ዘገምተኛው የሚነሳው አንጎል ውስጥ ካለው ሃይፖታላመስ ነው፤ ከዚያ ወደ ፒቱታሪ ዕጢ፣ ከፒቱታሪ ደግሞ ከኩላሊት በላይ ወዳሉት አድሬናል ዕጢዎች ይወርድና ኮርቲሶል ይመነጫል። ኮርቲሶል በጤናማ ጊዜ ብግነትን የሚያበርድ ሆርሞን ነው፤ ፕሬድኒሶሎን የተባለው መድኃኒት የሚሠራውም እሱን መስሎ ነው። ጭንቀቱ ሲሰነብት ግን የመከላከያ ሴሎች ለኮርቲሶል ይደነዝዛሉ። ገላጋዩ እየጮኸ ሰሚ ይጠፋል። ሆርሞኑ ደም ውስጥ እያለ ኢንተርሊውኪን-6ን የመሰሉ የብግነት መልእክተኞች ይበዛሉ፤ ጉበትም እነሱን ተከትሎ ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን፣ በአጭሩ ሲአርፒ የሚባለውን ያመርታል። ስለዚህ «ኮርቲሶሉ ከፍ ካለ ተጨንቋል፣ ዝቅ ካለ ደህና ነው» የሚለው ንባብ ስህተት ነው። ለረጅም ጊዜ የተጨነቀ ሰው የጠዋቱ ከፍታ ሊያንስና የማታው ዝቅታ ሊጠፋበት ይችላል። የሚነበበው አንድ ቁጥር ሳይሆን ከጠዋት እስከ ማታ ያለው ቁልቁለት ነው።

ይህ ነገር አልጋ አጠገብ ምን ትርጉም እንዳለው የሚያሳይ አንድ ጥናት እንጥቀስ። ጃኒስ ኪኮልት-ግሌዘርና ባልደረቦቿ በ1995 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ባወጡት ሥራ፣ የመርሳት ሕመም ያለበት ዘመድ የሚያስታምሙ 13 ሴቶችን በዕድሜና በገቢ ከሚመስሏቸው 13 ሌሎች ሴቶች ጋር አነጻጸሩ። የሁሉም ክንድ ላይ 3.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ትንሽ ቁስል ተደረገ። የሌሎቹ ቁስል በአማካይ በ39.3 ቀን ሲድን የአስታማሚዎቹ 48.7 ቀን ወሰደ። አንድ ዓይነት ቁስል፣ ከ9 ቀን በላይ ልዩነት። እኛ ዘንድ ደግሞ አስታማሚ የሌለው አልጋ የለም። ከደቅ ደሴት በጀልባ፣ ከአቸፈር ወይም ከደራ በመኪና የመጣች እናት ለሳምንታት አልጋው ሥር ካርቶን አንጥፋ ታድራለች፤ ስኳሯን ወይም ግፊቷን ማንም አይለካላትም። ጥናቱ መጀመር ያለበት ከእሷ ነው ብለን እናምናለን።

ከመሣሪያው በፊት ቃሉ ይቀድማል። በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣው የጭንቀት መለኪያ መጠይቅ በ10 ጥያቄው ቅጂ ከ0 እስከ 40 ነጥብ ይሰጣል። ባለፈው 1 ወር ውስጥ ምን ያህል ጊዜ እንዲህ ተሰማህ ይላል። እንግሊዝኛው በአንድ ቃል የሚያልፈውን አማርኛ ይበታትነዋል። «ጭንቀት» ምጥን፣ ፍርሃትንና መከራን ሁሉ ይይዛል፤ «ውጥረት» የሥራ ጫና ይመስላል፤ ገበሬው «ሐሳብ በላኝ» ይላል፤ እናት «እንቅልፍ አጣሁ፣ ራሴን ወጥሮ ያዘኝ» ትላለች። ተርጉሞ መልሶ ማስተርጎም ብቻ አይበቃም። መጠይቁን ከ8 እስከ 10 ለሚሆኑ ሰዎች አንብቦ «ምን ተብለህ የተጠየቅህ መሰለህ?» ማለት ያስፈልጋል። ነጥብ ሲደመርም 4ኛው፣ 5ኛው፣ 7ኛውና 8ኛው ጥያቄ በጎ ነገር የሚጠይቁ ስለሆኑ ውጤታቸው ይገለበጣል። ይህ ሲረሳ የተረጋጋው ሰው የተጨነቀ፣ የተጨነቀው የተረጋጋ ሆኖ ይወጣል።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ኮርቲሶል ሰው ከነቃ በኋላ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይወጣና ቀኑን ሙሉ ይወርዳል። ስለዚህ ምራቅ የሚወሰደው በነቁበት ቅጽበት፣ በ30ኛው ደቂቃ፣ በ45ኛው ደቂቃና ከመተኛት በፊት ሲሆን ይህም ቢያንስ ለ2 ተከታታይ ቀን ነው። የመጀመሪያው ናሙና በ15 ደቂቃ ከዘገየ መነሻው ጠፋ፤ ከፍታው ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ ማወቅ አይቻልም። እኛ አገር ከዚህ የባሰ አደጋ አለ። አንዲት ተሳታፊ «12:30 ነቃሁ» ብላ ትጽፋለች፤ ከጠዋቱ ማለቷ ነው። ጎረቤቷ በዚያው ደቂቃ ነቅታ ስልኳን ታይና 6:30 ብላ ትሞላለች። መረጃ አስገቢው ሁለቱንም እንዳለ ይመታቸዋል። ኮምፒውተሩ ላይ አንዷ በማለዳ፣ ሌላዋ በእኩለ ቀን ነቅታለች። ከምሽቱ 3:00 የተወሰደ ናሙናም 3:00 ተብሎ ከገባ የሌሊት ናሙና ይሆናል። እንዲህ ያለ ስህተት ከ10 ሰው በ2 ላይ እንኳ ቢፈጠር ቁልቁለቱ ይጠፋና «ጭንቀት ከኮርቲሶል ጋር ግንኙነት አልተገኘለትም» የሚል መደምደሚያ ይጻፋል።

መፍትሔው ወረቀት ላይ ነው። ቅጹ የሀገራችንን ሰዓት ብቻ ይጠይቅ፤ ከቁጥሩ ፊት «ከሌሊቱ፣ ከጠዋቱ፣ ከቀኑ፣ ከምሽቱ» የሚሉ አራት ሣጥኖች ይኑሩት፤ ወደ ዓለም አቀፉ ሰዓት የሚቀይረው ሰው በጭንቅላቱ ሳይሆን ኮምፒውተሩ በቀመር ይሁን። ቀኑም እንዲሁ ነው። ብልቃጥ ላይ 12/01/17 ተብሎ ከተጻፈ መስከረም 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ይሁን በአውሮፓውያን ጃንዋሪ 12 ቀን 2017፣ ከዓመት በኋላ ማንም አያውቀውም። ወሩ በፊደል ይጻፍ። በዱቲ ላደረ ነርስ ደግሞ የመጀመሪያው ናሙና በነቃበት ሰዓት ይወሰዳል፤ ከቀኑ 8 ሰዓትም ቢሆን። ሲተነተን ግን ሌሊት ተኝቶ ካደረ ሰው ጋር አንድ ላይ አይደባለቅም።

የአወሳሰዱን ዝርዝር እንጨምር፤ ብዙ ናሙና የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። ባለ 2 ሚሊ ሊትር ብልቃጦች ቁጥር ተለጥፎባቸው፣ ከአጭር የመጠጫ ስትሮ ጋር ከዋዜማው ቤት ይደርሳሉ። ተሳታፊዋ ስትነቃ ከአልጋዋ ሳትወርድ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ምራቁ አፏ ውስጥ እስኪጠራቀም ትጠብቅና በስትሮው ወደ ብልቃጡ ታወርደዋለች። 1 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ አረፋው አይቆጠርም። 45ኛው ደቂቃ እስኪያልፍ ጥርስ አይፋቅም፣ ቁርስና ቡና አይቀመስም። መፋቂያ በተለይ ድድ ያደማል፤ ደም ውስጥ ያለው ኮርቲሶል ከምራቁ እጅግ ስለሚበልጥ ሮዝ መልክ ያለው ምራቅ ይጣላል። ምራቅ እንዲመጣ ሎሚ ማስላስ የሚባለውም ዘዴ ይቅር፤ አሲዱ የምርመራውን ኬሚካል ያዛባል። ላቦራቶሪ ሲደርስ በረዶ ሆኖ ቆይቶ ከቀለጠ በኋላ በ1,500 ጂ (የመሬት ስበትን 1,500 እጥፍ በሆነ ኃይል) ለ15 ደቂቃ በሴንትሪፉጅ ይሽከረከራል፤ ዝልግልጉ ከሥር ሲቀር ከላይ ያለው ጠራ ያለው ይለካል።

ለማታው ናሙና ትልቁ ፈተና ቡና ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ የዘጌ ቡና ሲንቆረቆር ያመሸበት ቤት ምራቅ ከመውሰድ በፊት ቢያንስ 1 ሰዓት መቆየት ይገባል፤ የሲኒው ብዛትና የመጨረሻው ሲኒ የተጠጣበት ሰዓት ይመዝገብ። የፊት ቅባትም ይጠየቅ። ለማድያት ወይም ለማቅላት ከሱቅ የሚገዙ አንዳንድ ክሬሞች ቤታሜታዞንን የመሰለ ስቴሮይድ አለባቸው፤ በቆዳ ገብተው የራስን ኮርቲሶል ያፍናሉ። ሃይድሮኮርቲሶን ያለበት ቅባት ደግሞ ከጣት ወደ ብልቃጥ ሲነካ ቁጥሩን ሰማይ ያደርሰዋል። «መድኃኒት ትወስጃለሽ?» ሲባሉ «አይ» የሚሉ ሴቶች ቅባቱን መድኃኒት ብለው ስለማይቆጥሩት ነው። ስለዚህ ጠያቂዋ ማሸጊያውን አምጪና አሳዪኝ ትበል።

ጾምና ሥርዓትም የናሙናው አካል ናቸው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን እስከ 9 ሰዓት ምግብ የማይቀምስ ሰው የምግብ ሰዓቱ ተለውጧል፤ ከፋሲካ በፊት ያለውን መለኪያ ከፋሲካ በኋላ ካለው ጋር አነጻጽሮ «ሥልጠናው ጭንቀት ቀነሰ» ማለት ዶሮውንና እንቁላሉን ለሥልጠናው ማስቆጠር ነው። የቆረበ ምእመን የዚያን ዕለት ምራቁን አይተፋም፤ እሑድ ብልቃጥ ይዞ የሚሄድ መረጃ ሰብሳቢ ተሳታፊውን ያሳዝናል፣ ናሙናውንም ያጣል። በረመዳን ደግሞ እንቅልፍ ለስሑር ይቆራረጣል፤ አፍ ውስጥ ነገር ማስገባትም ያሳስባል፤ ያን ወር ማለፍ ይሻላል። ለ2 ተከታታይ ቀን የሚመቸው ሰኞና ማክሰኞ ነው፤ እሑድም ረቡዕም አይነካውም። ወርኃዊ በዓላቱን፣ በተለይ 12 እና 21ን፣ ከቀን መቁጠሪያ ማየት አይረሳ፤ ለቅዳሴ ከሌሊቱ 10 ሰዓት የተነሳ ሰው እንደወትሮው አልነቃም።

ስለ ብግነቱ ስናወራ በጣና ዳር ወባንና ከሐይቅ ውኃ የሚይዘውን የትል በሽታ ቢልሃርዚያን ዘሎ መሄድ አይቻልም። ሲአርፒ ለልብ ጤና ሲነበብ ከ1 ሚሊ ግራም በሊትር በታች ዝቅተኛ፣ ከ1 እስከ 3 መካከለኛ፣ ከ3 በላይ ከፍተኛ ይባላል፤ ከ10 በላይ ከሆነ ግን ነገሩ አጣዳፊ ሕመም ወይም ጉዳት ሊሆን ስለሚችል ተሳታፊው ይመረመራል፣ ቢያንስ ከ2 ሳምንት በኋላም ይደገማል። ይህ አከፋፈል የወጣው ወባ ለሌለበት አገር ሕዝብ ነው። በጥቅምት ወር የጣና ዳር ነዋሪ ጣት ተወግቶ ከፍ ያለ ሲአርፒ ቢገኝ ጭንቀቱን ከመጠርጠር በፊት የወባ ፈጣን ምርመራ ማድረግ ግድ ነው። ሐይቁ ውስጥ እየገባ ለሚያጠምድ፣ ለሚዋኝ ወይም እንቦጭ ለሚነቅል ደግሞ የሰገራ ምርመራ፤ 41.7 ሚሊ ግራም ሰገራ በሚይዘው የካቶ-ካትዝ ማሳያ የትሉ ዕንቁላል ይቆጠራል። የትል በሽታ ብግነቱን አንዴ ሲያነሳ፣ አንዴ የመከላከያ ሥርዓቱን ራሱን ሲያለዝብ ስለሚታይ «ትል ካለ ሲአርፒ ይጨምራል» ብሎ በአንድ አቅጣጫ ማስተካከል አይሆንም። ውጤቱ ለብቻው ተመዝግቦ አብሮ ይተንተን። የወገብ ዙሪያ፣ ሲጋራ፣ የታመመ ድድ፣ በአፍ የሚዋጥ የወሊድ መከላከያ፣ እንዲሁም በሳምንቱ የተወሰደ ኢቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክም እንዲሁ። እነዚህ ሳይጠየቁ የተሰበሰበ ሲአርፒ ስለ ጭንቀት የሚናገረው ነገር የለም።

ለሲአርፒ የምንመክረው በወረቀት ላይ የሚደርቅ የደም ጠብታን ነው። ነርሶቻችን አዲስ አይሆንባቸውም፤ ኤች አይ ቪ ካለባቸው እናቶች የተወለዱ ሕፃናት በ6 ሳምንታቸው የሚመረመሩበት ዘዴ ነው። ለአዋቂ እጁን ማሞቅ፣ የቀለበት ጣቱን ጎን በአልኮል ማጽዳትና አልኮሉ እስኪደርቅ መጠበቅ። ካልደረቀ ደሙ ይቀጥንና ወረቀቱ ላይ ቀለበት ይሠራል። የመጀመሪያው ጠብታ ይጠረጋል። ሁለተኛው በራሱ ተንጠልጥሎ ይውደቅና ክቡን በአንድ ጊዜ ይሙላው፤ በላዩ ሌላ ጠብታ አይደረብ፣ ጣቱም ወረቀቱ ላይ አይለጠፍ፣ ሥጋው አይጨመቅ። ከዚያ በጠፍጣፋ መደርደሪያ ላይ ከፀሐይ ርቆ ቢያንስ 4 ሰዓት ይድረቅ። ክረምት ላይ የባሕር ዳር አየር ርጥብ ስለሆነ ሌሊቱን ቢያድር ይሻላል፤ ያልደረቀ ወረቀት ከረጢት ውስጥ ከገባ ይሻግታል። እርጥበት መጣጭ ከረጢትና ቀለሙ የሚለወጥ የእርጥበት ማሳያ ካርድ አብረው ይታሸጉ፤ ካርዱ ከሰማያዊ ወደ ሮዝ ከሄደ መጣጩ ይቀየር። በዚያው ጣት ሄሞግሎቢን መለካት ይገባል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሙ የወፈረ ሰው ጠብታ ወረቀት ላይ የሚሰፋው ደሙ ከቀጠነው ሰው ያነሰ ነው፤ ያ ደግሞ ከክቡ የሚቆረጠውን መጠን ይለውጣል።

ኢንተርሊውኪን-6ን ለመለካት የሚፈልግ ሌላ ዝግጅት ይኑረው። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ኢዲቲኤ ባለበት ቱቦ የተቀዳ ደም ቶሎ፣ ቢበዛ በ2 ሰዓት ውስጥ፣ ተለይቶ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ መግባት አለበት፤ እየቀለጠ እየተመለሰ ሲቀዘቅዝ ይበላሻል። መብራት ጠፍቶ ጄነሬተር ያልተነሳበት አንድ ቅዳሜና እሑድ የዓመት ልፋትን ያጠፋል። የምራቅ ኮርቲሶል በዚህ ረገድ ቻይ ነው፤ ከደሴት በክትባት መያዣ ሣጥን፣ በበረዶ ጡብ ታጅቦ በጀልባ ቢመጣ ምንም አይሆንም። ጸጉር ደግሞ ማቀዝቀዣ አይፈልግም፤ በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ ከኋላ አናት ከሥሩ የተቆረጠ 3 ሴንቲ ሜትር የ3 ወርን ኮርቲሶል ይዟል። ሹሩባው መቼ እንደተሠራ፣ ቅቤ መቀባቱ፣ ቀለምና ማለስለሻ ኬሚካል ግን ሁሉም ይጠየቁ። ጸጉሩን ለማያውቁት ሰው መስጠት የሚፈሩም አሉ። ፍርሃታቸው ተከብሮ ጸጉሩ የት እንደሚሄድና እንዴት እንደሚወገድ በግልጽ ይነገራቸው።

ሒሳቡንም ቀድሞ መሥራት ነው። ኮርቲሶልና ሲአርፒ በሚለኩበት ኤሊሳ በሚባለው የላቦራቶሪ ምርመራ አንድ ሰሌዳ 96 ጉድጓድ አለው። እያንዳንዱ ናሙና በሁለት ጉድጓድ ስለሚለካ 48 ይሆናል፤ ከዚያ 10 ያህሉን ማመሳከሪያዎቹ ይወስዳሉ፤ ለናሙና 38 ቀረ። በ2 ቀን 8 ምራቅ የሰጠ ሰው ናሙናው ሁሉ አንድ ሰሌዳ ላይ መለካት ስላለበት በአንድ ሰሌዳ የሚስተናገዱት 4 ሰዎች ብቻ ናቸው። 100 ሰው ማለት 25 ሰሌዳ ነው። የ100 ሰው ሲአርፒ ግን በ3 ሰሌዳ ያልቃል። ስለዚህ ሲአርፒውን ለሁሉም፣ ኮርቲሶሉን ከመካከላቸው ለተመረጡ 40 ሰዎች በጥንቃቄ መሥራት ለ300 ሰው በዘፈቀደ ከመሰብሰብ እጅግ ይበልጣል። ውጤቶች ሲነጻጸሩ መለኪያው ይታይ፤ ለኮርቲሶል 1 ማይክሮ ግራም በዴሲ ሊትር 27.59 ናኖሞል በሊትር ነው።

ለሥነ ምግባር ኮሚቴዎች የምናቀርበው ጥያቄ አለ። ተሳታፊው ሲአርፒው ከ10 በላይ ቢሆን ማን ይነግረዋል፣ ማንስ ያክመዋል? መጠይቁ ላይ ራሴን ላጥፋ አስቤያለሁ ያለች ሴት በዚያው ቀን የት ትላካለች? ፕሮፖዛሉ ላይ የሚቀበላት ባለሙያ ካልተጻፈ ፈቃድ አይሰጥ። ክልላችን ካለፈበት መከራ በኋላ ስለ ጭንቀት የሚጠይቅ ሁሉ የሚከፍተው ቁስል እንዳለ ያውቃል። ጋዜጠኞችንም እንለምናለን፤ «በባሕር ዳር የነዋሪዎች ጭንቀት በደም ተለካ» የሚል ዜና ሲመጣላችሁ በስንት ሰዓት ተወሰደ፣ በየትኛው ወር፣ ወባስ ታይቷል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

በመጨረሻ የጊዜው ነገር። ወባው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፤ የነቢያት ጾም በገና ይፈታል፤ ዐቢይ ጾም ቢፈጥን የካቲት 1፣ ቢዘገይ መጋቢት 5 ይገባል። የጥምቀቱ እንግዳ ተሸኝቶ ከጥር 13 ጀምሮ ዐቢይ ጾም እስኪያዝ ያለው ጊዜ፣ የነነዌ ሦስት ቀን ሲቀነስለት፣ ለናሙና ከሁሉ የተሻለው ወቅት ነው። አንዳንድ ዓመት 15 ቀን ብቻ ይሆናል፤ ሰርግ የተጠራ ተሳታፊም በዝቶ ይገኛል። በዚህ መስኮት ለመግባት ፈቃዱ በኅዳር አልቆ፣ ብልቃጡና ኪቱ በታኅሣሥ ባሕር ዳር ደርሶ፣ መረጃ ሰብሳቢዎቹ ገና ከመዋሉ በፊት ሰዓት አሞላሉን ተለማምደው መጨረስ አለባቸው።

ከአክብሮት ጋር
በነርሲንግ ትምህርትና ምርምር የተሰማራን ባለሙያዎች
ባሕር ዳር